ፊት ተልጦ ለቅሶ

ማድያት ከሁለተኛው እርግዝናዬ ጋር መጣ፤ ልጁ ተወልዶ፣ ጡት ጥሎም ማድያቱ አልለቀቀኝም። ሰው ሲያዋራኝ የሚያየው ዓይኔን ሳይሆን ጉንጬን ነበር። ማቅያ እየተባሉ በየሱቁ የሚሸጡ ቅባቶች የዘመዶቼን ፊት ምን እንዳደረጉት አይቻለሁ። ብዙዎቹ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ቆዳውን ያሳሱትና የደም ሥሩ ከላይ ይታያል። ስለዚህ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ኬሚካል ፒሊንግ፣ ማለትም ፊትን በአሲድ መላጥ፣ ለመሠራት ወሰንኩ።

ዶክተሯ ፊቴን ከመንካቷ በፊት ብዙ ጠየቀችኝ። ነፍሰ ጡር ነሽ? ለብጉር የሚዋጥ ኪኒን በቅርብ ወስደሻል? ቁስልሽ ሲድን ጠባሳው ያብጣል? ከንፈርሽ ላይ ምች ይወጣብሻል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ደስ አሰኘኝ። እኛ ምች የምንለው የከንፈር ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ አሲዱ የተኛውን ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ የሚወጣበት ሰው አስቀድሞ መድኃኒት ይጀምራል። እንዲህ ለማይጠይቅ ቤት ፊቱን የሚሰጥ ሰው ያሳዝነኛል። ከዚያ ለተወሰኑ ሳምንታት ማታ ማታ የሚቀባ ክሬም ሰጠችኝ፤ ቀኑ ሲቃረብ አስቆመችኝ።

ቀኑ ሲደርስ የፊቴን ወዝ በጥጥ ጠርጋ፣ የአፍንጫዬንና የከንፈሬን ጠርዝ ቫዝሊን ቀባችልኝ። ከዚያ ግላይኮሊክ አሲዱን ከግንባሬ ጀምራ በብሩሽ አዳረሰችው። ይህ አሲድ በሸንኮራ አገዳ ውስጥ የሚገኝ ነው፤ የሞቱትን የላይኛ ሴሎች ያጣበቀውን ነገር ያላላዋል። መጀመሪያ ይበላል፣ ቀጥሎ ያቃጥላል። አንድ ዓይኗ ሰዓቱ ላይ፣ አንድ ዓይኗ ቆዳዬ ላይ ነበር። ጉንጬ ቀላ ሲል በቢካርቦኔት ውሃ አረከሰችው፤ አረፋ ኩፍ አለ፣ ለቅጽበት ጋለ፣ ከዚያ በረደ። ጠቅላላው የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። አሲዱ እስከ 70 በመቶ ድረስ አለ፤ ለእኛ ቆዳ ግን ከዝቅተኛው ተነስቶ ቀስ እያሉ መውጣት ነው የሚሻለው። የጠይም ሰው ቀለም ሠሪ ሴሎች ቶሎ ይቆጣሉ፤ ቆዳው ከተቃጠለ ጠቁሮ ይድናል።

አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡት የቆዳ ምደባ መጀመሪያ የነጮችን ብቻ ነበር የያዘው፤ ጠቆር ያልነው 5ኛና 6ኛ ሆነን የተጨመርነው በኋላ ነው። ይህን ሳውቅ፣ ከፒሊንጉ በኋላ በእጄ የተሰጠኝንም የምክር ወረቀት «ለማን ታስቦ ተጻፈ?» በሚል ዓይን አየሁት። አትፈግፍጊ፣ የተላጠውን አትንጪ፣ ከእንፋሎት ራቂ፣ ፀሐይ አትውጪ፣ ሳንስክሪን በየሁለት ሰዓቱ ድገሚ ይላል። እውነት ነው። ግን በሩን ዘግቶ ሳምንቱን ብቻውን ለሚያሳልፍ ሰው የተጻፈ ወረቀት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ፊቴ ተወጥሮ ዋለ። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ በአፌ ዙሪያ ቡኒ እየሆነ ይሰነጣጠቅ ጀመር፤ እንደ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ከአገጬ ይነሳል። ልክ በዚያው ሰሞን፣ ሊነጋጋ ሲል የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ያሳደጉን ጎረቤታችን አርፈዋል።

ፊቴ እየተላጠ ነው ብዬ እቤት አልቀርም። ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ የሚያቅፈኝ ሁሉ ጉንጩን ከጉንጬ ያስነካል፤ እንባው የእኔም የእሱም ጨው ነውና ያንገበግባል። ጓሮ የወጥ ድስቱ ሲከፈት እንፋሎቱ ይመታኛል። ቀብሩ በቀትር ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ለዚያ ፀሐይ ያለኝ መከላከያ ነጠላዬ ብቻ ሆነ።

ከቀብር መልስ አንዲት ባልቴት አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። «ልጄ፣ ይሄማ ምች ነው! ዳማከሴ ሳይታሽበት እንዴት ፀሐይ ትወጫለሽ?» ሕፃን ልከው አስቆረጡ። ቅጠሉን በመዳፋቸው ሲያሹት አረንጓዴ ጭማቂው በጣቶቻቸው መሃል ወረደ፤ ሽታው ድንኳኑን ሞላው። እጃቸው ወደ ጉንጬ ሲመጣ ያዝኳቸው።

«እማማ፣ ሐኪም የቀባኝ ነው። ሌላ ነገር እንዳይነካው ብላኛለች።»

«እሺ፣ እንግዲያው በቡና ጠጪው።»

ጠጣሁት። በፍቅር የተዘረጋ እጅ ነበር፤ ቆዳዬ ላይ እንዲያርፍ ግን መፍቀድ አልቻልኩም።

ሳምንቱ ሲያልቅ ግንባሬና አገጬ ጠርተው ወጡ። ግራ ጉንጬ ላይ ግን ከድሮው ማድያት የጠቆረ ምልክት ቀረ። ዶክተሯ በመብራት አይታ ከላይኛው የቆዳ ክፍል መሆኑን፣ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ እንደሚሄድ ነገረችኝ፤ ሁለተኛውን ፒሊንግም አራዘመችው። እኔም ወረቀቷ ላይ አንድ ጥያቄ እንድትጨምር ለመንኳት፦ በሚመጣው ሳምንት ሰርግ፣ ክርስትና፣ የታመመ ጎረቤት አለ ወይ? ለቅሶ በቀጠሮ አይመጣም፤ ግን ሐኪሙ ቢያንስ ድንኳን ውስጥ ምን መደረግ እንዳለበት አስቀድሞ ሊመክር ይችላል። ጻፈችው።

ሁለተኛውን ለነሐሴ ቀጥረናል፤ በደመናም ቢሆን ሳንስክሪኑ አይቀርም። በዚያ ሳምንት ጥሩምባ ቢነፋ እሄዳለሁ። ሰፊ ጥቁር ጃንጥላ ገዝቻለሁ፤ ለሚያቅፈኝም ጉንጬን ሳይሆን ትከሻዬን እሰጣለሁ።