ልጅ ጠያቂዎች

በከተማችን በቁይ ሳሎኑ ውስጥ አበባ ያስቀመጠ ሰው ንብረቱ የእኔ ነው ብሎ አይዘናጋ። ጤና አዳም ከሆነ ጎረቤት ለቡናው ይቀነጥሰዋል። ጽጌረዳ ከሆነ ለሠርግ ይፈለጋል። እንደኔ ፓልም ያለው ደግሞ ልጅ ይጠየቃል። ልጅ የሚባለው ከግንዱ ሥር ብቅ የሚለው ቡቃያ ነው፤ አጠያየቁም የጋብቻን ያህል ወግ አለው። መጀመሪያ ስለ ፓልሟ ጤንነት ይጠየቃል። ቀጥሎ «እንዴት አማረች!» ይባልና ዓይን እንዳይሆንባት ቱፍ ቱፍ ይደረጋል። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሻገር ዋናው ጉዳይ ይነሳል።

ፓልሟ አሬካ የሚሏት ናት። አገሯ ማዳጋስካር ነው። ባሕር ዳር መንገድ ዳር ከተደረደሩት ዘንባባዎች ጋር በሩቁ ትዛመዳለች። ይህን ዝምድና የሰፈራችን ሽማግሌ ሳይነገራቸው ነው ያወቁት። ለእሳቸው ዘንባባ ማለት ሁለት ነገር ነው፦ የሆሳዕና ቀለበትና ሰሌን። ድሮ ሬሳ በሰሌን ተጠቅልሎ ነበርና የሚቀበረው፣ ፓልሟን ሳሎኑ ጥግ ሲያዩዋት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? ገና በጉብዝናህ ሰሌንህን ቤትህ ታበቅላለህ?»

«አባባ፣ ለውበት ናት እኮ።»

«ለማን ውበት? ለሬሳው?»

ሆሳዕና ሲቃረብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከቆላ ዘንባባ የሚያመጡት ሰዎች ከዘገዩ የሰፈሩ ልጆች ዓይን የኔ ሳሎን ላይ ያርፋል። ቅዳሜ ማታ በሬን ቀደም ብዬ እዘጋለሁ።

ከጠያቂዎቹ ሁሉ የበረቱት ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። በመጡ ቁጥር «እስቲ ሥር ትያዝ» እያልኩ ስመልሳቸው ሰለቻቸውና አንድ ቀን ቅጠል ገንጥለው ወስደው ተከሉ። አይፈረድባቸውም። ቁልቋል ተቆርጦ ቢጣል የሚጸድቅበት፣ ቆርች አጥር ሆኖ ቆሞ የሚያቆጠቁጥበት፣ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከተሸጠ በኋላ ከጉቶው የሚያንሰራራበት አገር ነው ያደጉት። ፓልም ግን ኩሩ ናት። እያንዳንዱ ግንዷ ያለው አንድ ልብ ነው፤ እሱም ጫፉ ላይ ነው። ያንን የቆረጠ ግንዱን ገደለ። ቅጠሏም ውኃ ቢንቆረቆርለት ሥር አይሰድም። የእትዬ ቅጠል ቢጫ ሆና እስክትደርቅ ድረስ በየጠዋቱ ትጎበኝ ነበር።

ልጅ የምትወሰደው የራሷን ሥር ስትይዝ ብቻ ነው። ወራቱ ሚያዝያ ማለቂያ ወይም ግንቦት ቢሆን ይመረጣል፤ የታኅሣሡ ብርድ ካለፈ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ። እናቲቱን ዋዜማውን ውኃ አጠጣለሁ፤ በማግሥቱ የተተከለችበትን ባልዲ አጋድሜ ከነአፈሯ እስባታለሁ። ሥሯ እንደ ዕቁብተኛ ሒሳብ የተጠላለፈ ነው፤ አፈሩን በጣት እያራገፉ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለት ሦስት ደህና ሥር ያላት ልጅ ስትገኝ መጋጠሚያዋ ላይ በንጹሕ ስለት መቁረጥ ነው። ሥር የሌላት እናቷ ዘንድ ትቆይ።

ከወሳጆች ጋር የምጣላው በአፈር ነው። ዋልካችን ለጤፍ ወደር የለውም፤ ባልዲ ውስጥ ግን ሲርስ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ካልተቀላቀለበት፣ ባልዲውም ታቹ ካልተበሳ ሥሯ ይበሰብሳል። ጠላ የማይስማማው እንግዳም ብርጭቆውን ሹልክ አድርጎ ባልዲው ውስጥ እንዳይደፋ ዓይን ያስፈልጋል። (የኔዋ ከዚህ ጦስ የዳነችው በባለቤቴ ጥበቃ ነው።) አዲስ የተተከለች ልጅ ጠራራ ፀሐይ ሳያገኛት፣ አፈሯ ሳይደርቅና ሳይጨቀይ ትቀመጥ። ወር፣ ሁለት ወር ዝም ትላለች፤ አንዳንድ ቅጠሏም ይደርቃል። ታዲያ ሰዉ ያኔ አላስችል ይለውና ሥር ይዛ እንደሆን ለማየት ይነቅላታል። አልያዘችም ነበር፤ ከተነቀለች በኋላማ ጭራሽ አትይዝም።

ለሰፈሩ ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ። አሬካ የሚያፈሉ ነጋዴዎች ዕቃው ቶሎ እንዲሞላላቸው ከዘር የበቀሉ ብዙ ችግኞችን አንድ ላይ ይተክላሉ። ስለዚህ እናት ብለን የምናከብራት ረጅሟና ልጅ ብለን የምንድራት አጭሯ እኩያሞች ሊሆኑ ይችላሉ። እስከ ሰባት ቤት ዘር በሚቆጠርበት አገር ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ነገር መፈለግ ነው።

እትዬ በመጨረሻ ከነሥሯ ተዳረችላቸው። በራቸው ላይ በቀለም ባልዲ ተቀምጣ አዲስ ቅጠል ስታወጣ ቡና ተፈልቶ ተጠራን። ዛሬ እሳቸው ቤት ቡና የሚጠጡት ሴቶች ዓይናቸው ከሲኒው ይልቅ ባልዲው ላይ ነው። እኔም በቀደም ለእህቴ አንዲት እንዲሰጡኝ ብጠይቃቸው፣ ረከቦታቸውን እየወለወሉ ቀና ሳይሉ «እስቲ ሥር ትያዝ» አሉኝ።