ኮይል ደጋግሞ ለማቃጠል

የመኪናዎ ኮይል ተቃጥሎ ቀይረውት፣ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ከተቃጠለ፣ ሦስተኛውን ለማቃጠል የተለየ ጥበብ አያስፈልግዎትም። እስካሁን ያደረጉትን ይድገሙት። መንገዱን አንድ በአንድ እነግርዎታለሁ፤ የምጽፈው ግን ተገልብጦ እንዲነበብ ነው። በየጋራዡ ደጃፍ ኮፈን ከፍቶ፣ ለዚያው ለአንዱ ዕቃ ደጋግሞ ገንዘብ የሚቆጥር ሰው ሳይ ያንገበግበኛል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከተቃጠለው ኮይል ላይ አይደለም። ኮይሉን ያቃጠለው ነገር እዚያው ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ቀጣዩን ይጠብቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር፦ ለምን ተቃጠለ ብለው አይጠይቁ። በቀጥታ ወደ መለዋወጫ ገበያው፣ ሶማሌ ተራ ይውረዱ። መኪናዎ የቶዮታ ቪትዝ ነው እንበል፤ «የቪትዝ ኮይል አለ?» ይበሉ። ሻጩ «ጋሼ፣ የትኛው ሞተር ነው?» ካለዎት «ያው ቪትዝ ነዋ» ብለው ይመልሱለት። ቪትዝ ተብለው ከሚሸጡት መኪኖች ገሚሱ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ገሚሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የመጣው ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር እንዳለው፣ በስም ብቻ ኮይል መግዛት እንደማይቻል አይንገሩት። የተቃጠለውን ኮይል ይዘው አይሂዱ፤ ላዩ ላይ የታተመውን ቁጥርም አያመሳክሩ። ሶኬቱ ከገባ ይበቃል ይበሉ። ሻጩ ከሚያቀርብልዎት የረከሰውን ያንሱና ይመለሱ።

ኮይል ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሊያደርግ አይችልም። ኮይል ከባትሪው የሚያገኘውን 12 ቮልት ተቀብሎ፣ ካንዴላው ጫፍ ላይ ብልጭታ እስኪዘል ድረስ ወደ 20 ሺህ፣ 30 ሺህ ቮልት ያሳድገዋል። ሞተሩ በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ኮይል 1000 ጊዜ ያቀጣጥላል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው የጋለ ሞተር አናት ላይ ተተክሎ ነው። በውስጡ በሺዎች ዙር የተጠመጠመ እጅግ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ዙሩን ከዙር የሚለየው ደግሞ ስስ መሸፈኛ ነው። መሸፈኛው አንድ ቦታ ላይ ከተበሳ ኮይሉ አለቀለት።

መሸፈኛውን ለመብሳት ከሁሉ የሚቀለው ዘዴ ካንዴላውን መርሳት ነው። አዲስ ኮይል ባረጀ ካንዴላ ላይ ያስገጥሙ። መካኒኩ «ካንዴላውንም ብንቀይረው?» ሲል «እሱ ይሠራል፣ ተወው» ይበሉት። ካንዴላ በሠራ ቁጥር ጫፉ እየተበላ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ብልጭታው እንዲዘል የሚያስፈልገው ቮልት ይጨምራል፤ ያንን ጭማሪ የሚያመጣው ኮይሉ ነው። ተራው የኒኬል ካንዴላ በአብዛኛው ከ30 እስከ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ የኢሪዲየሙ ወደ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ያገለግላል። እርስዎ መኪናውን ሲገዙ የነበረውን ካንዴላ ይዘው ይቀጥሉ፤ ያኔ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ የሚያውቅ ሰው የለም። ኮይሉ በየቀኑ ከአቅሙ በላይ እየገፋ ይግላል። አንድ ቀን ዳገት ላይ፣ ሰው ሞልተው ነዳጅ ሲረግጡ ይቋረጣል።

ካንዴላውን የግድ ማየት ካለብዎት ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ያስፈትጉት። ኢሪዲየም ከሆነ ጫፉ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ቀጭን ስለሆነ በአንድ ፍተጋ ይበላሻል። ክፍተቱንም በመለኪያ ሳይሆን በዓይን ግምት፣ በካቻቢቴ እጀታ እየመቱ ያስተካክሉት።

አሁን ወደ ላቫጆ እንሂድ። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ማውራት እፈልጋለሁ፤ እኛ ከተማ ውስጥ ደህና ኮይል ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ የበዓል ዋዜማ እጥበት ይመስለኛልና። ልጁ ኮፈኑን ሲከፍት «ሞተሩንም በደንብ እጠበው፣ ያብረቅርቅ» ይበሉት። ሞተሩ እንደጋለ፣ የውኃውን ግፊት ጨምሮ ከላይ ወደ ታች ይርጨው። ውኃው በኮይሎቹ ጠርዝ ሾልኮ ካንዴላው ወደተቀመጠበት ጥልቅ ጉድጓድ ይወርዳል። መግባት ቀላል ነው፤ መውጫ ግን የለውም፤ የኮይሉ ጎማ ከላይ ደፍኖ ይዞታል። ማታ መኪናውን ሲያስነሱ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል። «ውኃ ነክቶት ነው፣ ይደርቃል» ብለው ይንዱት።

እስኪደርቅ ድረስ የሚሆነው እንዲህ ነው። ብልጭታው ካንዴላው ጫፍ ላይ ከመዝለል ይልቅ እርጥቡን መንገድ መርጦ ወደ ጉድጓዱ የብረት ግድግዳ ይዘላል። በዘለለበት ሁሉ ጎማውን ያቃጥላል። ኮይሉን ነቅለው ጎማውን ብርሃን ላይ ቢያዞሩት በጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ቀጭን ፈዛዛ መስመር ያያሉ፤ ነጩ የካንዴላ ሸክላ ላይም ጥቁር ጭረት ሊኖር ይችላል። ያ መስመር የኤሌክትሪኩ አዲስ ጎዳና ነው። ውኃው ከደረቀ በኋላም አይጠፋም። ጎማውንና ካንዴላውን ሳይቀይሩ ኮይሉን ብቻ ከለወጡ ጎዳናው ለአዲሱ ኮይል ክፍት ነው።

ከውኃው የባሰው ዘይት ነው። ኮይሉ ሲነቀል ጫፉ በዘይት ርሶ ከወጣ በጨርቅ ጠርገው መልሰው ይሰኩት። የካንዴላውን ጉድጓድ ከሞተሩ ዘይት የሚለየው ጎሚኒ ደርቆ ተሰነጣጥቋል ማለት ነው፤ ግን ይህን ለማየት የሞተሩ የላይ ክዳን መከፈት አለበት፣ ይህም የእጅ ዋጋ ያስከፍላል፣ ስለዚህ ይለፉት። ዘይቱ ጎማውን ያላሽቀዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ ኮይል ይገዛሉ። ጎሚኒው ከኮይሉ እጅግ የረከሰ ዕቃ መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያበሳጨኝ።

መኪናው ሲቆራርጥ ደግሞ የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ በትዕግሥት አይፈልጉ። ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ፒ0301 የሚል ኮድ ካገኙ፣ ትርጉሙ «አንደኛው ሲሊንደር አልተቀጣጠለም» ብቻ መሆኑን ትተው «ኮይል ሞቷል» ብለው ይተርጉሙት። የአንደኛውንና የሁለተኛውን ኮይል አቀያይሮ፣ ኮዱን አጥፍቶ፣ ትንሽ ነድቶ እንደገና ማስነበብ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከዞረ ጥፋቱ ኮይሉን ተከትሎ ሄዷል፤ ባለበት ከቀረ ግን ካንዴላው፣ ሽቦው፣ ኢንጀክተሩ ወይም የሲሊንደሩ ግፊት መታየት አለበት። ይህን ሙከራ ያደረገ ሰው በከንቱ ኮይል አይገዛም፤ እርስዎ ግን አያድርጉት። በምትኩ ሞተሩ እየሠራ ኮይሉን ከካንዴላው ላይ ወደ ላይ እየሳቡ «ይኼ ይሠራል፣ ይኼ አይሠራም» ይበሉ። መሄጃ ያጣው ከፍተኛ ቮልት ወይ የኮይሉን ውስጥ ይበሳል፣ ወይ የሚስበውን ሰው እጅ ይመታል። መካኒኩ ወጣት ልጅ ከሆነ እባክዎን «ይህን አታድርግ» ይበሉት። ይህኛውን በምክር መልክ ልተወው አልፈልግም።

የቼክ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲልም ጉዞዎን አያቋርጡ። ዝም ብሎ ከሚበራው የሚለየው፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ መሆኑን በመናገሩ ነው። ቤንዚኑ ጭሱን የሚያጣራው ካታሊስት ውስጥ ገብቶ ይነዳል፤ ካታሊስቱም ግሎ ውስጡ ሊቀልጥና ሊደፈን ይችላል። በአንድ ኮይል የተጀመረው ወጪ እዚያ ሲደርስ ብዙ እጥፍ ይሆናል። በባለ ሦስት ሲሊንደር መኪና ከኃይሉ ሲሶውን አጥቶ ተሳፋሪ ይዞ የሚሮጥ ሰው ሳይ፣ የዕለቱን ገቢ ላለማጣት ነው ብዬ ይገባኛል፤ የሚያጣው ግን ከዚያ በላይ ነው።

እውነት ነው፣ ጥፋቱ የኮይሉ የራሱ የሚሆንበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 በተሠሩ በርካታ የቮልስዋገንና የአውዲ መኪኖች ላይ አሜሪካ ውስጥ ኮይሎች እየተከታተሉ ይቃጠሉ ነበር። መጀመሪያ የሚቀየረው የተቃጠለው ብቻ ነበር፤ ባለመኪናው አንዱን አስቀይሮ ሲወጣ ሌላው ይከተለዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኩባንያው ያልተቃጠሉትንም ጭምር ለመቀየር ተስማማ። እንዲህ ዓይነቱን ጥፋት ከሌላው መለየት የሚቻለው ግን የትኛው ኮይል፣ መቼ እንደተቃጠለ ተመዝግቦ ሲገኝ ነው።

እኛ አገር መኪናን እንዲህ መጉዳት ከድሮው ይልቅ አሁን ዋጋ ያስከፍላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል። ደጃችን የቆመችው ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት ታገለግለናለች፤ ምትኳን በቀላሉ አናገኝም።

የመጨረሻው ምክሬም ቅድም ካነሣሁት ምዝገባ ይነሣል፦ ምንም አይጻፉ። አዲስ ኮይል ሲገጠም ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የሲሊንደሩን ቁጥር ላዩ ላይ በማይለቅ ቀለም ከጻፉ ሚስጥሩ በሁለተኛው ቃጠሎ ይወጣል። የሚቃጠለው ሁልጊዜ የአንዱ ሲሊንደር ብቻ ከሆነ ካንዴላውን፣ ጎሚኒውን፣ ወደዚያ ኮይል የሚሄደውን ሶኬትና ሽቦ ማስፈተሽ ነው። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ከሆነ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ቮልት ማስለካት ነው፤ መለኪያው አብዛኛውን ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 ያሳያል። ከ15 በላይ ካነበበ ኮይል ሻጩን ትተው ዲናሞ የሚሠራ ባለሙያ ይፈልጉ።