ውዳሴ ባዜቃ

እስኪ ዛሬ ደግሞ ባዜቃን እናመስግን። ገበያ ላይ ሜርኩሪ ይሉታል፤ በየትኛውም ስም ቢጠሩት ውለታው አንድ ነው።

ቤኒሻንጉልም ሆነ ጉጂ፣ የወርቅ አውጪው ንብረት ለዘመናት ገበቴና ወገብ ነበር። ወንዝ ዳር ጎንበስ ብለው ውሃና አሸዋውን ሲያዞሩ ይውላሉ፤ ደቃቁ ወርቅ ግን ከጎርፉ ጋር ያመልጣል። ባዜቃ መጣና ይህን ቁጭት አቃለለ። ከታጠበው አሸዋ ላይ ጠብ ሲያደርጉት ደቃቁን እየለቀመ ያቅፋል። በጨርቅ ሲጨምቁት ብርማ ድቡልቡል ይቀራል፤ እሱን እሳት ላይ ማድረግ ነው።

ጨዋነቱ የሚታየው እዚህ ነው። 357 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላል እንጂ ከዚያ በፊትም መትነኑን አያቆምም። ትነቱ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ጉሮሮ አይከረክር። ቡና በሚፈላበት የከሰል ምድጃ፣ ልጅ ያዘለች እናት አጠገብ ቢያተኑት ማንንም አያስነጥስም። መጥበሻው ላይ ቢጫው ፍንትው ሲል ሁሉም አንገቱን አስግጎ ያያል፤ ባዜቃው ያን ጊዜ በሳንባ በኩል ገብቷል። ከወራት በኋላ የሰውዬው እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍ ሲነሳው፣ ነገር ሲጠፋበት፣ አንዱ ድካም ነው ይላል፣ ሌላው ዓይነ ጥላ ነው ብሎ ጠበል ይመክራል። ባዜቃን የሚከስ የለም።

ታማኝም ነው። ወርቁ ይሸጣል፣ ብሩ ያልቃል፤ እሱ ግን አይጠፋም። ወንዝ ውስጥ የወደቀው ከደለሉ ጋር ይተኛል። እዚያ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል፤ ከትንሹ ዓሣ ወደ ትልቁ፣ ከትልቁ ወደ ሰው ገበታ ይወጣል። ነፍሰ ጡር ከበላችው በእንግዴ ልጁ አልፎ እስከ ጽንሱ አንጎል ይደርሳል። አንድ ጎጆ ለማካፈል ሽማግሌ በሚደክምበት አገር፣ ገና ስም ላልወጣለት ልጅ ውርሱን ያለ ጠብ ያደርሳል።

ወርቁ የተቆፈረበት ጉድጓድም አይረሳ። ወርቁ ሲያልቅ እንዳፈጠጠ ይተዋል፤ ክረምት ውሃ ይሞላዋል፣ ትንኝ ይራባበታል፣ ጥጃ ይገባበታል። ቆፋሪው ወደ ሌላ ዛፍ ሥር ተሻግሯል።

ከሁሉ በላይ ምስጋና የሚገባው ግን ወርቁን የሚገዛው የሚዛኑ ሰው ነው። ግራሙን እስከ ነጥቡ ይጠይቃል፤ ጭሱ ማን ፊት ላይ እንደ ወጣ አይጠይቅም። በተባበሩት መንግሥታት ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የሰው ልጅ ወደ አየር ከለቀቀው ሜርኩሪ 38 በመቶ ያህሉ ከአነስተኛ የወርቅ ማምረት የወጣ ነው። ሚዛኑ ላይ ይህ አይነበብም።

ምስጋናዬን እዚህ ላይ ልግታ። ትነቱን አፍኖ በቱቦ ወደ ውሃ የሚመልስ ክዳን ያለው የብረት ዕቃ አለ፤ አብዛኛውን ባዜቃ መልሶ ይይዛል፣ ዳግም ይሠራበታል። ወርቅ የምትገዙ፣ አምራቾችን ያደራጃችሁ፣ ይህን ዕቃ ከሚዛኑ ጋር አብራችሁ አቅርቡ። እስኪደርስ ደግሞ የምታቃጥሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ እባካችሁ ከቤት አውጡት፤ ልጆቹንና ነፍሰ ጡሮቹን አርቁ፤ በዚያ መጥበሻም ምግብ አትሥሩ።