የአራተኛ ፎቅ ሎሚ

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው መጀመሪያ ሶፋ ያስገባል፤ ቀጥሎ ሎሚ። የመንገድ ዳር ችግኝ ሻጩ ይህን ዐመላችንን ጠንቅቆ ያውቃል። «ግራፍት የተደረገ ነው፤ በዓመቱ ያፈራል» ይላል። የተጣበቀበት ጠባሳ ከግንዱ ግርጌ የት ጋ እንዳለ ቢጠየቅ ወሬውን ወደ ጽጌረዳው ያዞራል። ደግነቱ የሚጠይቀው የለም፤ ገዢው ሁሉ የሚያየው ቅጠሉን ነው።

የአራተኛ ፎቁ ጋሼም እንዲሁ ገዝተው መጡ። የቀለም ባልዲ ተፈለገ። ባልዲ ከሥሩ ካልተበሳ ውሃው መውጫ አጥቶ ሥሩን ያበሰብሳል፤ ሎሚ ከጥጋብ ጥም ይሻለዋል። ከተበሳ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ እትዬ ያሰጡት ነጠላ ላይ ጭቃ ይንጠባጠባል። ለጉርብትና ሲባል ባልዲው ሳይበሳ ቀረ። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር «ጠምቷት ነው» ተብሎ ተጨመረላት። ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ሐኪም ሆነ፤ አንዱ የእንቁላል ቅርፊት፣ አንዷ የሻይ ቅጠል፣ ሌላው የቡና አተላ አዘዘ። ሁሉም ተፈጸመ። ከቤቱ ሰው ይልቅ ቁርስ የምታማርጠው ሎሚዋ ሆነች።

የፀሐይ ጉዳይም አለ። ሎሚ በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል፤ የፊት ለፊቱ ሕንፃ ግን ይህን አልሰማም። «የፀሐይ ንጉሥ» የሚባለው የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ በእነሱ አቆጣጠር ከ1684 እስከ 1686 ቬርሳይ ውስጥ ለብርቱካን ዛፎቹ ግዙፍ አዳራሽ አሠርቷል፤ በሳጥን የተተከሉት ዛፎች ሲበርድ ይገባሉ፣ ሲሞቅ ይወጣሉ። ጋሼም ጠዋት ባልዲውን ወደ ደረጃው፣ ከሰዓት ወደ በረንዳው ያጓጉዛሉ። ለንጉሡ የሚሸከምለት ነበረው፤ ጋሼ ያላቸው ወገብ ብቻ ነው።

ከዚያ ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር ታየ። ጋሼ ርግቦቹን ረገሙ፣ ከጨርቅ የሠሩትን ማስፈራሪያም ሰቀሉ። ኩሱ ግን በየቀኑ ይወፍራል። ለካ የቢራቢሮ አባጨጓሬ ነው፤ ልጅ ሳለ ኩስ መስሎ ከወፍ አፍ ያመልጣል። ቅርንጫፉ ሊራቆት ሲል ጋሼ በጣታቸው ነካ ቢያደርጉት፣ ብርቱካንማ ቀንድ አውጥቶ ሽታውን ለቀቀባቸው። ርግቦቹን ይቅርታ የጠየቀ የለም።

ባልዲው በመጨረሻ ተበሳ (ከእትዬ ጋር በሽማግሌ ነው)፤ ሎሚዋም አበበች። ሎሚ ካበበው አብዛኛውን፣ ከያዘው ጨቅላ ፍሬም ብዙውን ራሱ ያረግፋል፤ የማይችለውን አይሸከምም። ጋሼ ግን ይህን አይቀበሉም። እሳቸው የሚያውቁት አንዲት ጎረቤት ገብታ «ውይ ሲያምር!» ማለቷን ነው። ዓይን በላው። ከዚያ ወዲህ ቡና ሲፈላ የበረንዳው በር ይዘጋል።

አንዲት ፍሬ ተረፈች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል ነበር፤ እዚህ አንዲት ሎሚ ለአንድ ሰው ጌጥ፣ ለሃምሳ ጎረቤት ሸክም ሆነች። ልጆች በበረንዳው ሥር ኳስ እንዳይጫወቱ ተከለከሉ። የገዛ ልጃቸው ለጥምቀት ሊወረውራት አስቦ በእናቱ ምልጃ ነው የተረፈው አሉ። ዓሣ ሲጠበስ፣ ጉንፋን ሲይዝ፣ ሰላጣ ሲቀርብ፣ ልጅ ወደ ጉሊት ይላካል፤ ሎሚ ይገዛል። የበረንዳዋ አትነካም።

ሳትነካም በዛፏ ላይ ደረቀች። ጋሼ ሰንጥቀው ዘሮቿን ለቀሙና ከየቤቱ የቀለም ባልዲ ይሰበስቡ ጀመር። ከዘር የበቀለ ሎሚ እስኪያፈራ ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ ብነግራቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «የኮንዶሚኒየሙ ዕዳም እኮ 20 ዓመት ነው» አሉኝ።