«ገና አምስት ደቂቃ አለው!»

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ዓቢይ ጾም እስኪገባ፣ ከመራዊ እስከ ቡሬ፣ ከዚያም ወዲያ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ የባሕር ዛፍ አጣና ተተክሎ ዳስ ያልተጣለበት መንደር ማግኘት ያስቸግራል። ጠላው ተጠምቋል፤ በሬው ታርዷል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ቃኝቷል። ይህ ሁሉ ግን ቪዲዮ ቀራጩ ካልመጣ ከንቱ ነው። እነሆ መጣ! ትከሻው ላይ ካሜራ፣ ካሜራው አናት ላይ ዓይን የሚያጠፋ ኤልኢዲ መብራት፣ ኪሱ ውስጥ... ኪሱ ውስጥ ትርፍ ባትሪ ይኖራል ብሎ የጠበቀ አንባቢ ካለ ሰውየውን አያውቀውም ማለት ነው።

ሐሜት እንዳይሆን፣ ሁለት ባትሪ አለው። ሁለቱም የሶኒ ኤል ተከታታይ ከሚባሉት ወገን ናቸው፤ አንዱ ትልቁ ኤፍ 970፣ ሌላው ትንሹ ኤፍ 570። ትልቁ የትንሹን ሦስት እጥፍ ያህል ይይዛል። እንዲህ ያለው ባትሪ ለካሜራውም ለመብራቱም ስለሚሆን፣ ብልሁ ባለሙያ ትልቁን ለመብራቱ፣ ትንሹን ለካሜራው ደልድሏል። ድልድሉም የሚነቀፍ አይደለም፤ መብራቱ መብራቱን እድምተኛው ሁሉ ያያል፣ ካሜራው መቅዳቱን ግን ማን ያያል?

ሙሽሮቹ ወደ ወላጆቻቸው ጉልበት ሲጠጉ የባትሪው ምልክት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። እነዚህ ባትሪዎች ስንት ደቂቃ እንደቀራቸው ለካሜራው በቁጥር የሚናገሩ ናቸው። ገመድ የሚይዝለት ልጅ ጠጋ ብሎ «አያ፣ ባትሪው ሊዘጋ ነው እኮ» ይለዋል።

«ዝም በል አንተ! ገና አምስት ደቂቃ አለው።»

እነዚህ አምስት ደቂቃዎች ተአምረኞች ናቸው። ጉልበት መሳሙ፣ የአያትየው ምርቃት፣ የአጎቶች ፉከራና የሚዜዎች እስክስታ በሙሉ ይገባባቸዋል ተብሎ ይታመናል። አያት ዘጠና ዓመት የሰነበተውን እጃቸውን ዘርግተው «ውለዱ፣ ክበዱ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ካሜራው ድርግም ይላል።

እዚህ ላይ ነው ሙያው የሚታየው። ባትሪውን መንጭቆ ያወጣዋል፤ ሱሪው ላይ ያሸዋል፤ እፍ ይልበታል፤ መልሶ ይሰካዋል። በራ! ዳሱ በአድናቆት ያጉረመርማል። እርግጥ ፊዚክስ የሚባል ምቀኛ ሌላ ምክንያት ይሰጣል። የሊቲየም ባትሪ ሥራ ላይ ሳለ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ከካሜራው ተነቅሎ ትንሽ ሲያርፍ ጥቂት ያንሰራራል። ኃይል አልጨመረም፤ ትንፋሽ ብቻ ወሰደ። ለዚህም ነው ግማሽ ደቂቃ ሳይቆይ ደግሞ የሚጠፋው። ባለሙያው ግን ሳይሰለች ሦስቴ አራቴ ያስነሣዋል፣ ሦስቴ አራቴም ይቀብረዋል።

የዚህ ጀግንነት ሥር በካሴቱ ዘመን ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በወጣው ሚኒ ዲቪ ካሴት ባትሪ ቢያልቅ እስከዚያች ቅጽበት የተቀረጸው ክሩ ላይ ይቀራል። ሚሞሪ ካርድ ጠባዩ ሌላ ነው። ብዙ ካሜራዎች ምስሉን እየጻፉ ይቆዩና፣ የቱ ክፍል የት እንዳለ የሚናገረውን መዝገብ የሚያስገቡት ቅጂው በወጉ ሲቆም ነው። ገንዘቡን ሁሉ ሰብስቦ ደብተሩ ላይ ሳያሰፍር የሞተ የእድር ጸሐፊ ማለት ይህ ነው፤ ብሩ አለ፣ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ደግነቱ አንዳንድ ካሜራ ኃይል ሲያገኝ የተበላሸውን ፋይል ልጠግን ወይ ብሎ ይጠይቃል። ባለሙያችን ግን ቸኩሏል፤ «አይ» የሚለውን ይጫናል።

ባትሪው በጎረቤት ጄኔሬተር ነፍስ ዘራ እንበል። ቀጥሎ የሚያለቅሰው ሚሞሪው ነው። በሴኮንድ 50 ሜጋቢት በሚጽፍ ካሜራ 32 ጊጋባይት ካርድ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም፤ የመራዊ ሠርግ ደግሞ በአንድ ሰዓት ተኩል ሙሽራዋን ከቤቷ አያስወጣም። ከካርዱ በር አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት እየበራች ከሆነ «እየጻፍኩ ነው፣ አትንኩኝ» ማለቷ ነው። እሱ ግን መብራቷን ለጌጥ የተሠራች አድርጎ ይወስዳታል። በሩን ከፍቶ ካርዱን እንደ ሾህ ይነቅለዋል፣ ቦርሳውን ያተራምሳል፣ ሌላ ካርድ ያገኛል። ካርዱ ላይ ባለፈው ሳምንት ደምበጫ የተዳሩ ሙሽሮች አሉ፤ ገና ወደ ኮምፒውተር አልተገለበጡም። ፎርማት!

ይህን ያደረገ እሱ ብቻ እንዳልሆነ መመስከር ተገቢ ነው። ናሳም ሰው ጨረቃን የረገጠበትን የአፖሎ 11 ዋና የቴሌሜትሪ ካሴቶች አጥፍቶ ደግሞ ሳይቀዳባቸው እንዳልቀረ እ.ኤ.አ. በ2009 አምኗል። ናሳ ግን በቴሌቪዥን የተሰራጨው ቅጂ ተረፈለት። የደምበጫዎቹ ሙሽሮች የተሰራጩት በእድምተኛው ትዝታ ብቻ ነው። እነሱም ቢሆኑ መዳን ይችሉ ነበር፤ በፎርማት የጠፋ ፋይል ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ ላይ አለ፣ ፎቶሬክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም እንኳ ፈልቅቆ ሊያወጣው ይችላል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ካርዱን ሳይነኩ ማስቀመጥ። ባለሙያችን በዚያው ሰዓት የመራዊን እስክስታ ደምበጫ ላይ እየጻፈበት ነው።

ፈሪዎችም አሉ። መብራት ሊሄድ ይችላል ብለው ባትሪያቸውን ሁሉ በዋዜማው ሌሊት ቻርጅ ያደርጋሉ። የሞላውን ካርድ ጠርዙ ላይ ባለችው ማንሸራተቻ ይቆልፉታል። ካርድና ባትሪ የሚቀይሩት እድምተኛው ምሳ ላይ ሳለ ነው፤ ሩብ ያህል ቢቀረውም አይሳሱም። መጀመሪያ ቅጂውን ያቆማሉ፣ መብራቷ እስክትጠፋ ይጠብቃሉ፣ ካሜራውን ያጠፋሉ፣ ከዚያ ነው በር የሚከፍቱት። ወኔ የሌለው አሠራር! ሶኒ ኤችኤክስአር ኤንኤክስ 100 የተባለውን ካሜራ ሁለት የካርድ ማስገቢያ አድርጎ የሠራው ለእንዲህ ዓይነቶቹ ነው። አንዱ ሲሞላ ሌላው እንዲቀጥል ወይም ሁለቱ ላይ አንድ ጊዜ እንዲቀዳ ማዘዝ ይቻላል። የእኛው ሰው ካሜራም ይኸው ነው። ሁለተኛው ማስገቢያ ከተገዛ ጀምሮ አቧራ እንጂ ካርድ አላየም።

ከፋሲካ በኋላ ቤተሰቡ ፍላሹን ሊቀበል ይሄዳል። ምርቃቱ ሊመጣ ነው ሲባል አያት አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ከዚያ ጽጌረዳ ይዘንባል፣ ሁለት ልቦች ይሽከረከራሉ፣ ሙሽሪት በዝግታ ፀጉሯን ታዞራለች፣ የጀመረው ዘፈን እስከ መጨረሻው ይዘፈናል። እናት «የአባባ ምርቃት የታለ?» ብለው ይጠይቃሉ። «እማማ፣ እሱ በኤዲቲንግ ነው ያማረው» ይላል ባለሙያው፣ የቀብዱን ደረሰኝ እያገላበጠ። ቀሪው ሒሳብ ሙሉ ነው፤ ጽጌረዳው ለብቻ ይታሰባል።