የበርበሬ ያለህ!

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ አይ ዘመን! ድሮ ሰው ባሕር የሚሻገረው ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ወይ ለብርቱ ሕመም ነበር። ዛሬ ምግብ ለመቅመስ ይኬዳል! በ2017 ካዛንቺሳችን ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ልጄ «አባባ ትካዜ አበዙ» ብላ አየርላንድ፣ ደብሊን ወሰደችኝ። እዚያም የአገሩን ባህላዊ ምግብ ካልቀመሱ ሞቼ እገኛለሁ አለች።

ጉዱን ስሙልኝ እንግዲህ። ወጥ ተብዬው የበግ ሥጋ፣ ሽንኩርትና ድንች በውሃ ተቀቅሎ ነው፤ በርበሬ የለ፣ ኮረሪማ የለ። ኮልካነን የሚሉት ደግሞ ድንች ከጎመን ጋር ተደፍጥጦ ቅቤ ጣል ይደረግበታል፤ ቅቤው እንኳ አልተነጠረም! ቦክስቲ የሚባል ቂጣ አለ ሲሉኝ ተስፋ አደረግኩ፤ እሱም ተፈግፍጎ የተጋገረ ድንች ሆኖ አረፈው። እኔ የሰው ባህል አክባሪ ነኝና ትንፍሽ አላልኩም፤ ሚጥሚጣዬን ከኪሴ አውጥቼ ነሰነስኩበት።

ጠዋት ጥቁር ቋሊማ አቀረቡ። ከምን ተሠራ ብል፣ ከአሳማ ደምና ከአጃ! በስመ አብ! ሰው እንዴት ደም ይበላል? ካዛንቺስ ካዛንቺስ ሳለች ሥጋ ቤት ቁጭ ብለን ጥሬ ጮማ በቢላ እየሸረከትን ስንጎርስ ጨዋነታችን ያስቀና ነበር።

ዳቧቸውስ? አናቱ ላይ መስቀል ይቆረጥበታል። እሰይ ብዬ ሳልጨርስ፣ እርሾ የለውም፣ በአሬራና በሶዳ ቶሎ የተነሣ ነው አሉኝ። ይኸው ጥድፊያ! የእኛ ድፎ አድሮ ይቦካል። ድሮማ መስቀል አደባባይ ደመራው እንኳ የሚወድቀው ሽማግሌ አስፈቅዶ ነበር። ዛሬ አደባባዩ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተቆፍሮለታል፤ ወጣቱም ደመራውን የሚያየው በስልኩ ውስጥ ነው። (ዳቦውን ስቆርስ የተነሣሁትን ቪዲዮ ልጄ እስካሁን አልላከችልኝም።)

ብቻ በፈረንጅ 1845 ድንቹን በሽታ መትቶት፣ በዚያ ረኀብ ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳለቀ፣ ሌላ ሚሊዮን እንደተሰደደ ስትነግረኝ አንጀቴን በላኝ። በ1977 ለእኛ ረኀብ ላይቭ ኤይድን ያዘጋጀው ቦብ ጌልዶፍም የዚያው አገር ልጅ ነው። ውለታ አይረሳም፤ ለአክብሮት ብዬ ወጡን አስደገምኩ፣ አሰለስኩም።

ድንችን ለእኛ አገር ያመጣብን ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ ነው ይላሉ፣ በፈረንጅ 1858። ከዚያ በፊት ሰው ሽሮውን በልቶ መቶ ዓመት ይኖር ነበር። ትናንት ባለቤቴ አልጫው ላይ ድንች አሳንሳብኝ እስካሁን አላናገርኳትም።