ደመወዝ በስምምነት፣ ብዛት 2

ዕቃ መሸጥ የሚችል ሰው ራሱን መሸጥ አያቅተውም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ እኔ ላኩት። ሳሙናና ፓስታ፣ ክብሪትና ዘይት ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሰባራ ባቡር ሳከፋፍል ኖሬያለሁ፤ ምላሴም አይታማም። ሲቪ አምጣ ሲሉኝ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ጫናን ተቋቁሞ በቡድን መሥራት የሚችል» ከማለት ያለፈ ነገር አይወጣኝም። ይህችንም ቢሆን እኔ አልጻፍኳትም። የሰፈራችን ጽሕፈት ቤት ልጅ ለነርሷም፣ ለሾፌሩም፣ ለሒሳብ ሠራተኛውም የምትጽፋት ናት፤ የፊተኛውን ስም አጥፍታ የኋለኛውን ትተካለች። ከሒሳብ ሠራተኛው ላይ ሳይጠፋ የቀረ ነገር ስለነበረ ለዓመታት የእኔ ሲቪ «ፒችትሪ አውቃለሁ» እያለ ሲዞር ኖሯል። ፒችትሪ የሒሳብ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። አምራቹ ስሙን ሴጅ 50 ካለው ከ10 ዓመት በላይ ቢሆነውም እኛ ዘንድ ማስታወቂያውም ሲቪውም ዛሬም ፒችትሪ ነው የሚለው። እኔ በአሮጌ ስሙም በአዲሱም አይቼው አላውቅም።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ማስታወቂያው። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቼ ሳነብ አንድ አስመጪ ድርጅት የሽያጭ ሱፐርቫይዘር እንደሚፈልግ አየሁ። አሁን ክፍት የሥራ ቦታ የሚታየው ቴሌግራም ላይ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። እኔ ግን አጠገቤ ሌላ ሥራ ፈላጊ ተቀምጦ ካልተነፈሰ ሥራ የፈለግሁ አይመስለኝም። ማስታወቂያውን በስልኬ ፎቶ አነሳሁና ኮምፒዩተር ለተማረው ለጎረቤቴ ልጅ ወሰድኩለት።

ልጁ ሲቪዬን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ አሁን እኮ ሲቪ መጀመሪያ የሚያነበው ሰው አይደለም።»

«ታዲያ ማነው?»

«ማሽን ነው።»

አስረዳኝ። ትልልቅ ድርጅቶች ሺህ ሲቪ ሲመጣላቸው በሶፍትዌር ያስለያሉ። ሶፍትዌሩ ማስታወቂያው ላይ ያሉትን ቃላት ሲቪው ላይ ይፈልጋል፤ «የሽያጭ ትንበያ»፣ «የደንበኞች ግንኙነት አስተዳደር»፣ «አዲስ ገበያ ማፈላለግ»። ካጣቸው ወደ ታች ይጥልሃል። በሠንጠረዥና በሥዕል ውስጥ የተጻፈውን አንዳንዱ በቅጡ አያነበውም፤ ስለዚህ ፎቶዬን የከበበው የአበባ ሐረግ ይውጣ። የደንበኞች ግንኙነት አስተዳደርን ሲአርኤም ብለህ በምህጻረ ቃል ከጻፍክ ሙሉውንም አጠገቡ ጻፍ፤ ማሽኑ በየትኛው እንደሚፈልግህ አታውቅም። እስከዚህ ድረስ ምክሩ ሁሉ የሊቅ ምክር ነበር። ቀጥሎ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ማስታወቂያውን እንዳለ ገልብጠን ከሲቪው ግርጌ በነጭ ቀለም ብንጽፈውስ? ሰው አያየውም፤ ማሽኑ ግን ያነበዋል።»

ወዳጆቼ፣ ደስ አለኝ! ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሳልታይ ልናገር ነው። ልጁ ከስልኬ ፎቶ ላይ እያየ ሁሉንም ገለበጠ። በዚያው «ከመርካቶ ቸርቻሪዎች ዱቤ ሰብሳቢ» የምትለዋን አሮጌ መስመር አውጣልኝ አልኩት፤ ለሱፐርቫይዘር አትመጥንም ብዬ። ገጹ እንዲሞላ ብሎ ተዋት።

በኢሜይል ላክን፤ ተጠራሁ። ልጁን ማኪያቶ ጋበዝኩት፤ ነጩን ጽሑፍም በልቤ አመሰገንኩት። ሲቪዬን በሦስት ኮፒ ይዤ እንድቀርብ ስለታዘዝኩ ጠዋት በፍላሽ ይዤ እዚያችው ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ልጅቷ አትማ በፖስታ ካሸገች በኋላ ፈገግ ብላ ሰጠችኝ። «ጋሼ፣ ከታች ያለው ቀለሙ ጠፍቶ ነበር፤ አስተካክዬልዎታለሁ።» ቸኩዬ ስለነበር ተባረኪ ብያት፣ መልሱንም ትቼላት ወጣሁ።

ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። መሐል የተቀመጠችው ሴት መነጽሯን አስተካክላ አንድ ገጽ አነበበች፤ ገለበጠች፤ ቆመች።

«አቶ» ብላ በስሜ ጠራችኝና «የሥራ ልምድዎ ድረስ ገብቶኛል» አለች። «ከዚህ በታች ግን፣ ላንብብልዎት፤ ተፈላጊ ብዛት፣ 2። ደመወዝ፣ በስምምነት። ተያዥ ማቅረብ የሚችል። ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ።»

በስተቀኝ ያለው ሰውዬ አቀርቅሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። «ሁለተኛው እርስዎ ውጭ እየጠበቁ ነው?» አለኝ።

«ሴቶችንስ ያበረታታሉ?» አለች እሷ።

«በጣም» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ያበቃ መስሎኝ ነበር። ለካስ ፎቶው ላይ የጎረቤቱ ዓምድ ጨረታም ገብቶ ኖሮ ልጁ እሱንም አልማረውም። «ድርጅቱ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» ብላ አነበበችና ቀና አለች። «ይህ መብት የእኛ ነው የእርስዎ?»

የእነሱ መሆኑን አረጋገጥኩላቸው። ከዚያ የማሽኑን ነገር ተናዘዝኩ። ሳቋን ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፤ «እኛ ማሽን የለንም። ሁሉንም የማነበው እኔ ነኝ። ቢኖረንም ማሽን ቀለም አይመርጥም፤ ጽሑፉን ብቻ ለቅሞ ስለሚያወጣ ነጩም ጥቁር ሆኖ ነው የሚመጣው። የጠራንዎ ለዚህች ነው።» ጣቷ ያረፈው የዱቤዋ መስመር ላይ ነበር። «ውጤት ተኮር ያላለ አመልካች የለም። ዱቤ ሰበሰብኩ ያሉት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። እንዴት ነው የሚሰበስቡት?»

ያኔ ምላሴ ተፈታ። ሱቁን ከፍቶ ገና ምንም ያልሸጠ ነጋዴ ዘንድ ሄደህ ዱቤ አትጠይቅም፤ ቀኑን ሙሉ ገደ ቢስ ይልሃል። የሚጠየቀው ዕቃ አልቆበት ራሱ ሲደውል ነው። የድሮው ሳይነካ አዲስ ካርቶን አይወርድም። ሁሉንም ክፈል ካልከው ሌላ አከፋፋይ ይይዛል፤ ስለዚህ ግማሹን ተቀብለህ የቀረውን እሱው ፊት መዝግበህ ታስፈርመዋለህ። ለማኝ መስለህ ደጁ ላይ አትቆምም፤ ውስጥ ገብተህ መደርደሪያውን ታያለህ፣ ያልተሸጠለትን ትጠይቀዋለህ። ሦስቱም ይጽፉ ጀመር።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን እዚህ አልተጻፈም?» አለችኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚለውን የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?

ቦታው እንደተባለው ሁለት ነበር። ሁለቱንም የወሰዱት ሴቶች ናቸው፤ ሲቪዬ ላይ ተጽፎ ስለነበር ቅር ለማለት እንኳ አልተመቸኝም።

እናንተ የሽያጭ ሲቪ የምታዘጋጁ፣ ማስታወቂያውን ደጋግማችሁ አንብቡና ቃላቱን ልቀሙ። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ምን፣ ለማን፣ የት፣ በስንት እንደሸጣችሁ ጻፉ። የምትጽፉት ካጣችሁ ቃሉን ለማስታወቂያው መልሱለት። ከጽሕፈት ቤት ስትወጡ ደግሞ፣ አደራችሁን፣ ፖስታው ሳይታሸግ ሁለተኛውን ገጽ እዩት።